ቀን የጣለው

በሰሜን ፈረንሳይ፣ በሩቤ፣ የጨርቅ ፋብሪካ በነበረ፣
ጭሱ ከጠፋ ዘመን ሆኖት ጭስ ማውጫው ብቻ በቀረ፣
ማክሰኞ ማለዳ በዝናብ፣ በሩን ስንከፍት እኔና ቴኦፊል፣
ሰልፉ ቀድሞን ቆሟል፤ ጃንጥላ ተጋርቶ ይጠብቃል።

ሚዛኑ የኔ ነው። ሳጥን እሰቅላለሁ፣ ኪሎውን አነባለሁ፣
በእርሳስ፣ በአሮጌ ደብተር ላይ አንድ በአንድ እጽፋለሁ፦
እርጎ፣ አርባ ሁለት ኪሎ። ዳቦ፣ የትናንት፣ ሠላሳ።
ካሮት፣ ጠማማ ስለሆነ ብቻ ከገበያ የተነሣ።
ሙዝ፣ ጠቃጠቆ ያወጣ እንደ ሽማግሌ እጅ ቆዳ።
አይብ፣ እስከ ነገ ብቻ የተፈቀደለት እንግዳ።

ቴኦፊል ጡረታ ሳይወጣ ሬሳ ነበር የሚጭነው፤
«አሁን» ይላል እየሳቀ፣ «የማመላልሰው ያልሞተውን ነው።
ሞቷል ብለው ጽፈውበት፣ ስከፍተው ትኩስ ይሸታል፤
እርጎ ቀን መቁጠር የት ተማረ? ቀን መቁጠርን ሆድ ያውቃል።»

ከዚያ እሷ መጣች። ስሟን ስጠይቅ፣ ዝቅ ብላ «ማሪዝ» አለች።
ካርድ የላትም፤ የከረጢቱን እጀታ ጣቷ ላይ ጠመጠመች።
አወቅኋት።
ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ከዚያ ከትልቁ መደብር፣
ሌሊት፣ በኋላው በር በኩል፣ ከቆሻሻው ገንዳ ዳር
ያየኋት ናት፤ ሰማያዊ ጓንት፣ በእጇ የበረኪና ጀሪካን፤
ዶሮው ላይ፣ ዳቦው ላይ፣ ገና ባልተላጠ ብርቱካን፣
ታፈሳለች ቀስ ብላ፣ አበባ እንደሚያጠጣ ሰው፣
ማንም ለቅሞ እንዳይበላ፣ ጨለማ ለብሶ እንዳይቀምሰው።
እኔም ያኔ ከአጥሩ ማዶ ገንዳ ለቃሚ ነበርኩና፣
ጣቶቼ ላይ የቀረው ሽታ አልለቀቀኝም ገና።

ረገምኳት ያን ሌሊት። በልጆቼ ራት ረገምኳት።
ክፉውን ሁሉ አልደግመውም። መጨረሻ ላይ «ይድረስሽ» ነው ያልኳት።

ደረሳት ይኸው። መደብሩ ተዘጋ፣ ሥራዋ አብሮ ታጠፈ፤
«እሰይ» የሚል ትንሽ ድምፅ በሆዴ ሹክ ብሎ አለፈ።
የሰው ፊት እሳት ነው ሲባል፣ የሌላ ሰው ነበር የሚመስለኝ፤
ዛሬ ግን በእሷ ዓይን ውስጥ የገዛ ፊቴ ሲነድ ታየኝ።

«ሽታው ቤቴ ድረስ ይከተለኝ ነበር» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት፤
(አውቃኛለች? እንጃ።) «ልጄ ሲያቅፈኝ ያስነጥሰው ነበር በሌሊት።»

ምን ልበል? ይቅርታ የሚሉት ነገር በኪሎ አይመዘንም፤
ሰባኪም አይደለሁ፣ ያ ሰዓትም ለስብከት አይሆንም፤
ከኋላዋ አርባ ሰው አለ። ዝናቡም ገና አላባራም።

ዳቦ አነሣሁ። እርጎ፣ ስድስት። ከጠማማው ካሮት ጭምር።
ብርቱካን ላይ ስደርስ ግን፣ እጄ ቆሞ ቀረ በአየር።
አሸተትኩት። ብርቱካን ነው። ብርቱካን ብቻ ይሸታል።
በረኪናው እኔ ውስጥ እንጂ፣ ፍሬው ላይ የት ይገኛል?
ሰባት ጨመርኩላት። ደንቡ ሦስት ነው። ቴኦፊል አየና ዝም አለ፤
ሬሳ ሲጭን የኖረ ሰው፣ ዝም የሚባልበትን ያውቅ የለ!
ከረጢቱን ሳቀብላት፣ ያችው የጥንቷ ቃሌ
«ይድረስሽ» ብላ ወጣች፣ ሌላ ሰው ሆና ካፌ።

ይህ ባንክ፣ ባንክ ተባለ እንጂ፣ ለማንም ወለድ አይከፍልም፤
የቤት ኪራይ አያስቀንስ፣ የተዘጋ ፋብሪካ አይከፍትም፤
ገንዳዎቹም ዛሬ ማታ፣ እንደ ትናንት ሞልተው ያድራሉ፣
የኛ ሚዛን ካየው ይልቅ ያላየውን ተሸክመዋል፣
ይህን ሳውቅ ነው የምመዝነው።

በእርጎው ክዳን ላይ ቀን አለ፤ በሰው ግንባር አልተጻፈም፤
ቀን የጣለው መቼ እንደሚነሣ ማኅተም አይነግረንም።

ማታ ቴኦፊል መኪናውን ሲያጥብ፣ ደብተሬን ልዘጋ ስል፣
ሚዛኑና ጽሑፌ አልተስማሙም፤ አራት ብርቱካን ይጎድላል።
እርሳሱን አነሣሁ። አስቀመጥኩት።
ይጉደል።